ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል መልአኩ ማነው?

በቀደም አንድ ክርስትና ላይ እናትየዋ የልጇን ስም ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ረጅም ዝርዝር ውስጥ መርጣ እንዳወጣችው፣ ከባሏ ጋርም ስንት ቀን እንደተጨቃጨቁበት እየሳቀች ታወራለች፣ አጠገቤ የነበሩ ጋሼ ታዲያ ጠላቸውን አስቀምጠው "መቼስ ስምን መልአክ ያወጣዋል" ብለው እርፍ። ኧረ ጋሼ! ሶሻል ሚዲያ ላይማ ብሶበታል፣ ሰው ሲያሸንፍም ሲታሰርም ስሙን ከሥራው ጋር እያጋጠሙ ይቺኑ አባባል ይለጥፉበታል።

የቤተክርስቲያን ሰዎች ምንጩን ስትጠይቃቸው ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጋ ይወስዱሃል፣ ገብርኤል ለዘካርያስ የልጁን ስም ዮሐንስ በለው ያለበት ጋ። ይሁን፣ አልክድም፣ ግን እኔን አያጠግበኝም። የክርስትናውን ስም እኮ ቄሱ ናቸው የሚያወጡት፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል ምናምን ብለው ይሰጧታል፣ ያ ስም ደግሞ ለቁርባንና ለፍታት ካልሆነ ማንም አይጠራትም። መልአክ የሚያስፈልገው ለቤቱ ስም ነው።

ለዚህ ማስረጃዬ ዘነበች ናት። ልጅ ሆኜ ክረምት ሳይገባ አያቴ ጋ ገጠር ሄጄ፣ ጎረቤት ምጥ ተይዛ ሴቶቹ ውስጥ ማርያም ማርያም ይላሉ፣ ወንዶቹ ደጅ ቁጭ ብለው ሰማይ ሰማይ ያያሉ፣ ምጡ ብቻ እንዳይመስልህ፣ በቆሎው ተዘርቶ ዝናቡ ጠፍቶ ስለነበር ነው። ከዚያ እልልታው ሦስት ጊዜ ተሰማ፣ ሴት ናት ማለት ነው፣ ወንድ ቢሆን ሰባት ነበር። ገንፎው ገና እየተገነፋ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፣ ወዲያው ወረደ። አንዲት ከማዶ የመጡ እናት ነጠላቸውን እያራገፉ ገብተው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እንኳን ሳይሉ "ኧረ ይቺስ ዘነበች!" አሉ። በቃ። የመከረ የለም፣ ድምፅ የሰጠ የለም፣ ገንፎው ተበልቶ ሳያልቅ ልጅቷ ዘነበች ሆና ቀረች። ሴትዮዋ ዘመድ እንኳን አልነበሩም። እንግዲህ በኔ ቤት መልአክ ማለት ይሄ ነው፣ ስም ላውጣ ብሎ ሳያስብ ከበር ገብቶ ያየውን የሚናገር አፍ።

እንደውም ልጨምርልህ፣ ዘነበች የሐምሌ ልጅ ስም አይደለችም ባይ ነኝ። በሐምሌማ ዝናብ ምን ብርቅ ነው፣ ያን ጊዜ የተወለደ ሁሉ ዘነበና ዘነበች በሆነ ነበር። በቆሎና ማሽላ ተዘርቶ ሰማዩ እምቢ ሲል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ወይ ሰኔ ገብቶ ክረምቱ ሲዘገይ የመጣች ልጅ ናት ዘነበች የምትባለው። ስሙ ውስጥ ደስታ ብቻ ሳይሆን የዳነ አዝመራም አለ። ሰብለ፣ እሸቱ፣ አዝመራው፣ ጥጋቡ የሚሉትን አስባቸው፣ ሁሉም የገበሬ ስሞች ናቸው። (ይሄን የትም ተጽፎ አላየሁም፣ ግን ማንም አያስለቅቀኝም።)

ስሙ የደሃ ገበሬ ብቻ እንዳይመስልህ ደግሞ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ልጃቸውን ዘነበወርቅ ብለዋታል፣ ወርቅ ሲዘንብ ማለት ነው። አዲስ አበባ ረዳቱ "ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!" እያለ የሚጠራው ሰፈር ከሷ ነው የመጣው፣ በልዕልቷ ስም ሆስፒታል ተሰይሞ ነበር፣ ዛሬ አለርት የምንለው ግቢ። ስንቱ በየቀኑ እዛ ወርዶ ይሄዳል፣ ሰው መሆኗን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

እኛ ስንማር አንድ ክፍል ውስጥ ዘነበች ሁለትም ሦስትም ትገኝ ነበር፣ መምህሩ በአባት ስም ካልለየ ሁሉም "አቤት" ይሉ ነበር። አሁን ስም ጥሪ ብትሰማ ሶልያና፣ ሜላት፣ ናርዶስ፣ አርሴማ ነው፣ ጥሩ ስሞች ናቸው፣ ፋሽን ነው፣ እሱም ያልፋል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ድራማ ላይ የቤት ሠራተኛዋ ሁሌ ዘነበች ወይ አስካለ ትሆንና ስሟ ሲጠራ ተመልካች ይስቃል፣ ከተማ የገቡት ዘነበቾችም "ዘኒ" በሉኝ ብለው ያሳጥሩታል፣ አንዳንዷማ ጭራሽ ሄለን ሆናለች። ምኑ ነው የሚያስቀው? በቆሎ ሊደርቅ ሲል ዝናብ ይዛ መጣች የተባለች ልጅ ምኗ ያሳፍራል?

ዝርዝር አገላብጣችሁ፣ ትርጉሙን ጎግል አድርጋችሁ፣ ለፎቶ እንዴት እንደሚያምር አስባችሁ ስም አውጡ፣ መብታችሁ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን "እኔ ነኝ የመረጥኩት" በሉ፣ መልአኩን አትጥሩብን።