ሼጁለሩ ነጥብ ሲሳሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን 12 ሰርቨሮች ያሉት የኩበርኔቲስ ክላስተር እናስተዳድራለን። ኩበርኔቲስ ፕሮግራሞችን በአንድ ላይ በተያያዙ ሰርቨሮች (ክላስተር) ላይ የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ጥቅል «ፖድ»፣ ፖዱ የሚያርፍበት ሰርቨር «ኖድ»፣ የትኛው ኖድ ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ክፍል ደግሞ «ሼጁለር» ይባላል። ባለፈው ክረምት 3ቱ ሰርቨሮች በሥራ ብዛት ሲጨናነቁ 4ቱ ሥራ ፈተው ተቀመጡ። ጥፋቱ ለኖዶች ነጥብ እንዲሰጥ ራሳችን በጻፍነው ፕለጊን (ሼጁለሩ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ኮድ) ውስጥ ነበር። አንድ ሙሉ ሳምንት የፈጀብን ግን የሚከተሉትን እውነት ብለን ስለያዝን ነው። ከሌሎች ባለሙያዎችም አፍ ደጋግሜ እሰማቸዋለሁ።

«ፖዱ ከተነሳ ሼጁለሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል»

ሼጁለሩ መጀመሪያ ፖዱን መሸከም የማይችሉትን ኖዶች አጣርቶ ያስወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ፕለጊን ለቀሩት ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በፕለጊኑ ክብደት ተባዝቶ ይደመርና ትልቁን ድምር ያገኘው ኖድ ይመረጣል። ማጣሪያው ሲሳሳት ፖዱ «ፔንዲንግ» (ቦታ እየጠበቀ) እንዳለ ስለሚቀር ሁሉም ያየዋል። ነጥቡ ሲሳሳት ግን ፖዱም ይነሳል፣ ሎጉም (የሥራ መዝገቡም) ንጹሕ ነው። ይህን ዓይነት ስህተት አጥብቄ የምፈራውም ለዚህ ነው።

«ነጥቡ የሚሰላው ሰርቨሩ አሁን ከሚጠቀመው ሲፒዩ ነው»

ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ላይ ወንበሩ ላይ ቦርሳውን አስቀምጦ ቆሎ ሊገዛ የወረደ ሰው ቦታው እንደተያዘ ይቆጠራል። ሼጁለሩም የሚቆጥረው ፖዱ «ይህን ያህል ያዙልኝ» ያለውን ነው። ሞኒተሩ 5 በመቶ እያሳየ በሼጁለሩ ሂሳብ ኖዱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

«ክብደቱን ከፍ ብናደርገው ይስተካከላል»

እኛም ከ1 ወደ 10 ከፍ አደረግነው። ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ አንዷ ባልደረባችን «እስቲ አንዱን ኖድ በእጃችን እናስላው» ብላ የማኪያቶ ደረሰኝ ገልብጣ መጻፍ ጀመረች። ኖዱ 8000 ሚሊኮር (የአንድ ሲፒዩ ኮር ሺኛ ክፍል) አለው፣ 2000ው ተይዟል። ቀሪው 6000 በ100 ተባዝቶ ለ8000 ሲካፈል 75 ይመጣል። ኮዳችን ግን ማካፈሉን አስቀድሞ ነበር፤ 6000 ለ8000። ኮዱን በጻፍንበት «ጎ» (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ክፍልፋዩ ይጣላልና ውጤቱ 0 ነው፤ 0 በ100 ቢባዛ ያው 0 ነው። 7000 የተያዘበት ኖድም 0 አገኘ፣ ሊያገኝ የሚገባው 12 ሲሆን። ምንም ያልተያዘበት ኖድ ቢኖር ኖሮ 100 ያገኝ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ኖድ ላይ ቢያንስ ሎግ ሰብሳቢው ፖድ አለ።

ስለዚህ ፕለጊናችን ለሁሉም እኩል 0 እየሰጠ ከውሳኔው ወጥቶ ነበር። ምርጫው ለሌሎቹ ፕለጊኖች ተተወ፤ ከእነሱም አንዱ የፖዱን ኢሜጅ (ፕሮግራሙ የታሸገበትን ፋይል) አስቀድሞ ላወረደ ኖድ ያደላል። ሥራ በበዛበት ኖድ ላይ ሥራ የተከመረው እንዲህ ነው። ዜሮን በ10 አባዝተን ለውጥ የጠበቅንበት ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

እርማቱ የቅንፍ ቦታ መቀየር ብቻ ነበር። 75 እና 12 የሚጠብቅ ቴስትም አብረን ጻፍን።

«ኮዱ ከታረመ ፖዶቹ ራሳቸው ይከፋፈላሉ»

አይከፋፈሉም። ሼጁለሩ የሚወስነው ፖዱ ቦታ ሲይዝ አንድ ጊዜ ነው፤ ሥራ ለማመጣጠን ብሎ የተቀመጠውን አያነሳም። ተጠቃሚ በሚቀንስበት ሌሊት አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ ሪስታርት አደረግናቸው፤ ጠዋት ስንገባ 4ቱም ሰርቨሮች ሥራ ይዘው ነበር።