የዶክተሯ ሻንጣ፦ ስለ ድሮ ፎቶና ደብዳቤ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አክስቴ ከአገራችን ቀደምት ሴት ሐኪሞች አንዷ ነበረች። ካረፈች በኋላ አንድ የቆዳ ሻንጣ ቀረን። ውስጡ ፎቶና ደብዳቤ ብቻ ነው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ባለው ቤታችን፣ አልጋ ሥር ስንት ክረምት አሳልፏል። የከፈትነው ዕለት ዘመድ ሁሉ የየራሱን ምክር ሰጠ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ብዙው ግን ፎቶ የሚያጠፋ ነው። ሌላ ቤተሰብም እንዳይሳሳት ብዬ ልጻፈው።

«ላሚኔት ይደረግ፣ ዕድሜ ልኩን ይኖራል»

እውነታው፦ ላሚኔት በሙቀት ፕላስቲኩን ከፎቶው ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም። የአክስቴን የምረቃ ፎቶ እንዲህ አስደርጌ ነበር። ፊቷ ላይ ተኮማትሮ ወጣ። ሌላ ቅጂ የለንም፤ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ስኮችም ያው ነው። ሙጫው ቢጫ እየሆነ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ደብዳቤው ከተቀደደ ቁርጥራጮቹን በታጠፈ ነጭ ወረቀት መሀል ማስቀመጥ ይበቃል።

«ፌስታል ውስጥ አጥብቀሽ ቋጥሪው፣ እርጥበት አይገባም»

እውነታው፦ ጅማ ውስጥ እርጥበቱ ቀድሞ ገብቷል። ስንቋጥረው አብረን ነው የምንቋጥረው። በክረምት የታጠበ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ይነሳል። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ ለሻጋታ ምግብ ነው። ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ጄላቲን ነው፤ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ። ብሉም በረሮውም የሚወደው ለዚህ ነው።

እኛ አሁን ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱን ፎቶ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቀለልን። ጋዜጣ አይሆንም፤ አሲድ ስላለው ራሱ ቢጫ ሆኖ ፎቶውንም ያበላሻል። ከዚያ በካርቶን አድርገን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። ቁም ሳጥኑ ዝናብ የሚመታውን ግድግዳ አይነካም። ኮርኒስ ላይም አልሰቀልነውም፤ ቆርቆሮው ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በበጋ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ከፍተን እናየዋለን።

ሻጋታ ካያችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ጄላቲኑ ይላጣል። ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው። በደንብ ሲደርቅ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ደጅ ላይ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት።

«ሳሎን ይሰቀል፣ እንግዳ ሁሉ ይያት»

የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን። ብርሃን ያደበዝዛል፣ በተለይ የቀለም ፎቶን። ሳሎናችን ደግሞ በየቀኑ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ነው። ጭሱ ደስ ይላል፤ ፎቶ ላይ ግን ጥላሸት ሆኖ ይቀራል።

«ስካን ከተደረገ ዋናው ምን ያደርጋል?»

ስልክ ይጠፋል፣ ፍላሽ ይበላሻል። ዋናው ወረቀት ግን አክስቴ ከተማረችበት ከቤይሩት ጅማ ድረስ መጥቶ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል። ስካኑም ይደረግ፣ ግን በደንብ። ለትንሽ ፎቶ የስካኑ ጥራት ቢያንስ 600 ዲፒአይ ይሁን። የፎቶውን ጀርባና የደብዳቤውን ፖስታም ስካን አድርጉ። ለቤተሰብ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ላኩ፤ በፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል። አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

«ቀኑ ተጽፎበት የለም እንዴ!»

በጣም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ዶክተር መሆን የፈለገ ውጭ መሄድ ነበረበት። አክስቴም ሄደች፤ ደብዳቤዎቹ የተወለዱት ከዚህ ነው። እሷ ከቤይሩት ስትጽፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አባቴ ከጅማ ሲመልስላት በእኛ ነው። እኛ ሳናውቅ በቁጥሩ ደረደርናቸው። የአባቴ «ሐምሌ 1954» የሚለው ደብዳቤ እሷ «1962» ብላ ከጻፈችው ስምንት ዓመት ቀድሞ ተቀመጠ። ለካ የአንድ ክረምት ደብዳቤዎች ናቸው። እሷ በሬሳ ላይ ስትማር እጇ መንቀጥቀጡን ጽፋ ነበር። የአባቴ ደብዳቤ መልሱ ነው፦ «እኔም በሬ ሲታረድ አላይም፣ ግን አንቺ ከእኔ ትጠነክሪያለሽ።» ሁለቱ ተለያይተው ቢቀሩ ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ። የምትጽፉት በመጠቅለያው ወረቀት ላይ ነው። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ከጻፋችሁ በፊት በኩል ይታተማል።

«ደብዳቤው የራሳችን ነው፣ ፌስቡክ ላይ ይለጠፍ»

ሁሉም የራሳችን አይደለም። ሐኪም ስለ በሽተኛ ትጽፋለች። የበሽተኞች ስምና ሕመም የተጻፈባቸውን ደብዳቤዎች ለይተን አስቀምጠናል። ልጆቻቸው እዚሁ ከተማ አሉ።

«ፎቶው ካለ ታሪኩ አለ»

ነጭ ጋውን የለበሱ አምስት ሰዎች የተነሱት አንድ ፎቶ አለ። አክስቴን ብቻ ነው የምናውቃት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የሆኑ የድሮ ድሬሰር ጋ ይዤው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት። ሦስቱን በስም ነገሩኝ። አራተኛዋን «ሳቋ ትዝ ይለኛል፣ ስሟ ይመጣልኛል፣ ቅዳሜ ተመለሽ» አሉኝ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ እሄዳለሁ።