«ሲሲ ዜሮ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ባሕር ዳር አንድ ባነር የሚያትም ማስታወቂያ ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ ያለው ልጅ ለሰንበት ትምህርት ቤታቸው የወንጌላዊ ሥዕል ማሳተም ፈልጎ ስልኩን ዘረጋ። ሥዕሉ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ካለው የብራና ወንጌል የተወሰደ ነው። የጣና አካባቢ ሥራ ነው፣ ዕድሜው 600 ዓመት ገደማ። «ይሄ እኮ የፈረንጅ ነው፣ ኋላ እንዳንከሰስ» አለ አታሚው።

አይከሰስም። ሙዚየሙ ፎቶውን የለቀቀው ሲሲ ዜሮ (CC0) በሚባል ነጻ ፈቃድ ነው። «በዚህ ላይ ያለኝን የቅጂ መብት ሁሉ ትቻለሁ፤ አውርዱት፣ አትሙት፣ ቲሸርት ላይ አድርጋችሁ ሽጡት፣ እኔን አታስፈቅዱ» እንደማለት ነው። ሜትሮፖሊታን እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 375,000 የሚጠጉ ምስሎችን እንዲህ ለቀቀ። ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም ደግሞ በ2020፣ 2.8 ሚሊዮን።

ሠዓሊው ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ መብቱ የማን ሊሆን ነው ትሉ ይሆናል። ጭቅጭቁ ስለ ፎቶው ነው። ብዙ ሙዚየሞች «ሥዕሉ ያረጀ ነው፣ ፎቶው ግን የኔ ነው» እያሉ ሲያስከፍሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ጠፍጣፋ ሥዕልን እንዳለ የገለበጠ ፎቶ አዲስ መብት አይወልድም አለ። ፎቶው ጠፍጣፋ ያልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የእጅ መስቀል ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ብርሃኑንም ማዕዘኑንም የሚመርጠው ፎቶ አንሺው ነዋ።

ሁለት ነገር ግን አይምታታባችሁ። ሲሲ ዜሮ ስለ ፎቶው እንጂ ብራናው የማን ነው፣ እንዴትስ ከአገር ወጣ ለሚለው መልስ የለውም። ዘጌ ላይ ያለ ገዳምም «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ካለ ክልክል ነው፤ ያ የባለቤቱ ቃል እንጂ ኮፒራይት አይደለም።

የእኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። የፎቶ ደግሞ ከተነሣ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ በድሮው ስልት ቆዳ ላይ የሚሥል ልጅ፣ ስልቱ የማንም ቢሆን፣ ያች የሣላት ሥዕል የራሱ ናት። ሳያስፈቅዱ ባነር ላይ ማዋል ነው የሚያስከስሰው።

የፈረንጁን ነጻ ሥዕል የፈራው አታሚ ግድግዳው ላይ ለናሙና ከሰቀላቸው ባነሮች ውስጥ እንዲህ ያሉ ሦስት ቆጥሬያለሁ።