«የመጨረሻው የጸደይ ውርጭ ቀን» ሲባል

ይህ ቀን የብዙ ዓመታት መዝገብ ተሰልቶ የሚወጣ ግምት እንጂ የውርጭ ማብቂያ አዋጅ አይደለም፤ በብዙ ዓመታት ውርጩ ከዚያም ዘግይቶ ይጥላል።

ምድር ስትሞቅ ቀኑ በብዙ ሰሜናዊ አገሮች ቀደም እያለ መጥቷል። ታዲያ ተክሎች ተረፉ ማለት ነው? በፍጹም! ዛፎችም ቀድመው ያብባሉ፤ አበባው ከውርጩ በበለጠ ፍጥነት ከቀደመ አደጋው ይብሳል። ያልነቃ የፖም እንቡጥ ብርቱ ቅዝቃዜን ይችላል፤ የፈካ አበባ ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ መሞት ይጀምራል፣ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ላይ አብዛኛው ያልቃል። በ2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከሞቃት የመጋቢት ማብቂያ በኋላ የመጣው የሚያዝያ ውርጭ ወይኑን ክፉኛ መታው። በዱር ደግሞ ንቦች ቀለብ ያጣሉ፤ ዛፉም ዳግም ለማቆጥቆጥ ያጠራቀመውን ስኳር ያሟጥጣል።