ኒውትሪኖና የኒውክለስ መፍረስ

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው፣ ክብደቱ ኢምንት የሆነና መላዋን ምድር ከምንም ነገር ሳይጋጭ ሊያቋርጥ የሚችል ቅንጣት ነው። መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው ታይቶ ሳይሆን የአተም እምብርት የሆነው ኒውክለስ ሲፈርስ ከሚጎድለው የጉልበት ሒሳብ ስለሆነ፣ የሁለቱ ጥናት ተነጣጥሎ አያውቅም።

የነገሩን ቅርበት ለመረዳት ከደብረ ብርሃን ገበያ የተሸመተ አንድ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ይበቃል። በውስጡ 10 ግራም ያህል ፖታሲየም አለ። ከተፈጥሮ ፖታሲየም 0.0117 በመቶው ፖታሲየም 40 የሚባለው ያልተረጋጋ ዓይነት በመሆኑ፣ በዚያ ባቄላ ውስጥ በየሰከንዱ 300 ያህል ኒውክለሶች ይፈርሳሉ። አብዛኞቹ ኤሌክትሮንና ፀረ ኒውትሪኖ (የኒውትሪኖ ተቃራኒ አምሳያ) ለቀው ካልሲየም ይሆናሉ፤ ከአሥር አንድ የሚያህሉት ደግሞ ከራሳቸው አተም አንድ ኤሌክትሮን ውጠውና ኒውትሪኖ ለቀው አርገን 40 ወደሚባል ጋዝ ይለወጣሉ። ባቄላው ቢቆላም ቢፈጭም ፍጥነቱ አይለወጥም፤ የምጣድ እሳት ኒውክለስ ዘንድ አይደርስምና።

ኒውክለስ ኤሌክትሮን እየለቀቀ በሚፈርስበት በቤታ መፍረስ የሚወጣው ኤሌክትሮን ሁልጊዜ እኩል ጉልበት እንዲኖረው ይጠበቅ ነበር። ጄምስ ቻድዊክ ግን እ.ኤ.አ. በ1914 ጉልበቱ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተዘረጋ መሆኑን አሳየ። ኒልስ ቦር ጉልበት አይጠፋም የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ላይጸና ይችላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 በጻፈው ደብዳቤ፣ የጎደለውን ይዞ የሚሄድ ያልታየ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል ገለጸ፤ ኤንሪኮ ፌርሚ በ1934 ሐሳቡን ወደ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ አደረሰው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ቅንጣቱ የተያዘበት ብልሃት ነው። ፍሬድሪክ ራይነስና ክላይድ ካወን በ1956 በአሜሪካ ሳቫና ሪቨር በሚገኝ የኑክሌር ማብለያ አጠገብ፣ ኒውትሮን የሚይዝ ካድሚየም የተባለ ብረት የተጨመረበት ውኃ ከምድር በታች አኖሩ። ፀረ ኒውትሪኖ ከውኃው ፕሮቶን ጋር ሲጋጭ ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ተቃራኒ አምሳያ) እና ኒውትሮን ይወለዳሉ፤ ፖዚትሮኑ ወዲያው ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ በመጥፋት የመጀመሪያውን ብልጭታ ይሰጣል፣ ኒውትሮኑ ደግሞ ከጥቂት ማይክሮሰከንድ በኋላ በካድሚየሙ ተይዞ ሁለተኛውን ያስከትላል። አንዱ ብልጭታ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሁለቱ በዚያ ልክ መከታተል ግን ከሌላ ምንጭ ጋር እንዳይምታታ አደረገው። ከዚያ ሁሉ የቅንጣት ጎርፍ የተያዘው በሰዓት ሦስት ያህል ብቻ ነበር።

ሬይመንድ ዴቪስ ከፀሐይ የሚመጡትን ኒውትሪኖዎች በአሜሪካ ሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ ክሎሪን ወደ አርገን 37 ሲለወጥ በመቁጠር ለዓመታት አጠና። ያገኘው ከሚጠበቀው ሲሶውን ያህል ነበር፤ የቀሩት በጉዞ ላይ የእሱ መሣሪያ ወደማይቆጥራቸው ሌሎች የኒውትሪኖ ዓይነቶች መለወጣቸው በጃፓንና በካናዳ ጥናቶች ከ1998 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ተረጋገጠ። ዓይነቱን የሚለውጥ ኒውትሪኖ ክብደት ሊኖረው ግድ ነው። መጠኑ በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ አጠገብ፣ ትሪቲየም በሚባለው ያልተረጋጋ የሃይድሮጅን ዓይነት መፍረስ ሲፈተሽ ቆይቷል።

በሰሜን ሸዋ የፖታሲየም 40 መፍረስ አሻራ በጣርማ በር ገደል ላይ አለ። አካባቢው ስሙን የሰጠው የጣርማ በር ባዛልት ከቀለጠ ዓለት የተሠራ ነው። ዓለቱ ቀልጦ ሳለ አርገኑ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን ከፖታሲየም 40 የሚወለደው አርገን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት መሆኑ ስለሚታወቅ፣ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አርገኑን ከቀረው ፖታሲየም ጋር በማነጻጸር የእንዲህ ያለውን ዓለት ዕድሜ ያሰላሉ። በዚህ መንገድ እዚያ ዓለት ውስጥ ከተወለደው እያንዳንዱ አርገን ጋር አንድ ኒውትሪኖ አብሮ ተወልዶ፣ ገደሉን ሰንጥቆ ወጥቷል።