የማዕድን ማውጫ የፈረቃ አመራርና የሠራተኛ ደህንነት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የፈረቃ አመራር የሚባለው፣ በማዕድን ማውጫ ውስጥ በ8 ወይም በ12 ሰዓት ጊዜ ማን የት እንደሚሰራ፣ የቱ እንደሚፈነዳ፣ ስንት ቶን እንደሚጫንና የገባው ሰው ሁሉ እንዴት በሰላም እንደሚወጣ የሚወስነው ሥራ ነው። በወረቀት ላይ ምርት ለአንድ ክፍል፣ ደህንነት ለሌላ ክፍል ይሰጣል። ታች ሲወረድ ግን ሁለቱም የሚያርፉት አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነው፤ የፈረቃ ኃላፊው፣ ወይም በተለምዶ ፎርማኑ። ስለ እሱ የተጻፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትንሽ ወደ እሱ ቢያጋድል አንባቢ ይቅር ይበል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደሚለው የማዕድን ዘርፍ የያዘው ከዓለም ሠራተኛ 1 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። በሥራ ላይ ከሚደርሰው የሞት አደጋ ግን 8 በመቶ ገደማው የሚደርሰው እዚያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ፈረቃ እንዴት ይሄዳል

ከመሬት በታች ባለ የጠንካራ ድንጋይ ማውጫ ሥራው ክብ ሠርቶ ይዞራል። ድንጋዩ ይበሳል። ቀዳዳው ፈንጂ ይሞላል። ይፈነዳል። ጭሱ በማራገቢያ ይወጣል። ጣሪያው ይጸዳል፣ ይደገፋል። የተፈረካከሰው ድንጋይ በሎደር ይዛቃል። ከዚያ እንደገና መብሳት ነው። አንዱ ከተጓተተ ሁሉም ይጓተታል።

ፍንዳታው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ፈረቃ ሲቀያየር ነው። ያን ሰዓት ታች ሰው የለም። ፈንጂ ሲፈነዳ ካርቦን ሞኖክሳይድና መርዛማ የናይትሮጅን ጋዞች ይለቃል። አንዱ ፈረቃ ሲታጠብ፣ ሌላው ልብስ ሲቀይር፣ ማራገቢያው ጭሱን ጠራርጎ ይጨርሳል። ለምርት የታሰበው ሰዓትና ለሳንባ የታሰበው ሰዓት እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ፕሮግራም ተዛብቶ ፍንዳታው ወደ ፈረቃ መሀል ሲገፋ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ አለቃው ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ አንዱ "ኧረ ጠርቷል፣ እንግባ" ይላል።

ከፍንዳታ በኋላ ቀድሞ የሚገባው ሰው ረጅም የብረት ዘንግ ይይዛል። በተደገፈ ጣሪያ ስር ቆሞ ከፊቱ ያለውን ጣሪያ መታ መታ ያደርጋል። ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል። የለቀቀ ድንጋይ እንደ ከበሮ ድም ይላል። ድም ካለ በዘንጉ ተፈንቅሎ ይወርዳል። ዛሬ ይህን የሚሰሩ ማሽኖች አሉ። ቢሆንም ልምድ ያለው ጆሮ ገና ጡረታ አልወጣም።

የፈረቃው ወሳኝ ሩብ ሰዓት ርክክቡ ነው። የሚወጣው ኃላፊ ለሚገባው የሚነግረው ስለ ቶን ብቻ አይደለም። የቱ ፓምፕ እየደከመ ነው? የቱ ማራገቢያ ቆሟል? የቱ ጣሪያ ሲያንጠባጥብ አደረ? ከሁሉም በላይ ያልፈነዳ ቀዳዳ አለ ወይ? "ከግራ ጥግ፣ ከታች ሁለተኛው ቀዳዳ አልፈነዳም" የምትል አንዲት መስመር ሰው ታድናለች። ካልተጻፈች የሚቀጥለው በሺ መሰርሰሪያውን እዚያው ፈንጂ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። "ሁሉም ሰላም ነው" ተብሎ የሚዘጋ የርክክብ ደብተር ጥሩ ደብተር አይደለም። በ12 ሰዓት ውስጥ ምንም ነገር የማይለወጥበት ማውጫ የለም።

ጥሩ የሚባሉ ማውጫዎች ፈረቃውን በሁለትና በሦስት ሰዓት ከፋፍለው ይከታተላሉ። ዕቅዱና የተሰራው በየመሀሉ ይመዘናል። ጥቅሙ የሚታየው መጨረሻው ሰዓት ላይ ነው። ጉድለቱ ጠዋት ከታወቀ መኪና ይቀየራል፣ ሰው ይዛወራል። መጨረሻ ላይ ከታወቀ ግን የሚቀረው መሮጥ ነው። ሩጫ ደግሞ ጣሪያ ሳይመታ፣ ጋዝ ሳይለካ ያልፋል።

የከሰል ድንጋይ ዘመን

ስለ ማውጫ ደህንነት በደንብ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የከሰል ድንጋይ ታሪክ ነው። የወርቅና የመዳብ ሠራተኛም ሞቷል። የከሰሉ ግን በአንድ ጊዜ በመቶ ስለሚገድል ኮሚሽን ይቋቋምበታል፣ ሪፖርት ይጻፍበታል።

ዋናው ጠላት ከከሰሉ የሚወጣው ሜቴን የተባለ ጋዝ ነው። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። በ1812 እንግሊዝ ውስጥ ፌሊንግ በተባለ ማውጫ 92 ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1815፣ ጋዙን የማያቀጣጥል ፋኖስ ተሰራ። ዝናውን የወሰደው ሳይንቲስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ነው። በዚያው ዓመት ኪሊንግወርዝ ማውጫ ውስጥ የሞተር ባለሙያ የነበረው ጆርጅ ስቲቨንሰን የራሱን ፋኖስ ሠርቶ ታች ይዞት ወርዶ ሞክሮታል። ማን ቀደመ የሚለው ያኔም አጨቃጭቋል፣ ዛሬም አልተዘጋም። የዴቪ ሳይንስ የሚናቅ አይደለም። ግን የሳይት ሰው የሠራው ፋኖስ ከለንደኑ ሊቅ ፋኖስ ጎን መቆሙ ደስ ይላል።

ፋኖሱ ሞትን ወዲያው አልቀነሰም። እንዲያውም አባብሷል የሚሉ አሉ። ቀድሞ በጋዝ ምክንያት የተዘጉ ክፍሎች "አሁንማ ፋኖስ አለ" ተብለው ተከፈቱ። ባለቤቶቹ ያገኙትን ደህንነት ወደ ቶን መነዘሩት። ይህ ፀባይ በኋላም ደጋግሞ ታይቷል።

ጥር 1862 በሃርትሊ ማውጫ የሆነው ምርትና ደህንነት የት እንደሚገናኙ ያሳያል። ማውጫው አንድ መግቢያና መውጫ ጉድጓድ ብቻ ነበረው። ከአፉ በላይ የውሃ መሳቢያው ሞተር ግዙፍ የብረት ክንድ ተዘርግቷል። ክንዱ ተሰብሮ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀና መውጫውን ዘጋ። 204 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው የታፈነው ከታች ሆኖ ነው። ማውጫውን በሥራ ላይ ያቆየው ማሽን በሩን የዘጋውም ሆነ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ ማውጫ ሁሉ ሁለት መውጫ እንዲኖረው ደነገገ። ሁለተኛ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ ይፈጃል፤ ግን አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ ታች የሚሰራውንም ሰው ያግዛል።

በ1890ዎቹ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ ሐኪም ከፍንዳታ በኋላ የሞቱትን መረመረ። ከእሳቱና ከግፊቱ ይልቅ ብዙውን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሆነ አሳየ። ትንሽ እንስሳ ከሰው ቀድሞ እንደሚመረዝ ስለሚያውቅ ወፍ ይዞ መውረድን መከረ። ካናሪ የተባለችው ቢጫ ወፍ በእንግሊዝ ማውጫዎች እስከ 1986 ድረስ ሠርታለች። ከዚያ በኋላ ሥራዋን ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ወሰደው።

በአውሮፓ የከፋው አደጋ መጋቢት 10 ቀን 1906 በሰሜን ፈረንሳይ ኩሪዬር ነበር። 1,099 ሰዎች ሞቱ። ማውጫው ሜቴን ብዙም የለውም ይባል ነበር። የከሰል አቧራ ብቻውን ይህን ያህል ሊፈነዳ ይችላል ወይ የሚለው ክርክር ያኔ ገና አልሞተም ነበር። ኩሪዬር ገደለው። መጀመሪያ ምን እንዳቀጣጠለው ግን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ነፍስ አድን ሥራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተቋረጠ። ሰዉ ያልጠበቀው ነገር በ20ኛው ቀን መጣ፤ 13 ሰዎች በጨለማ ሲባዝኑ ቆይተው በእግራቸው ወጡ። ቁጣው ወደ ትልቅ የሥራ ማቆም አድማ ተቀየረ።

መፍትሔው ርካሽ ነበር፤ የድንጋይ ዱቄት። የማይቃጠል ዱቄት ከከሰሉ አቧራ ላይ ከተነሰነሰ እሳቱ አይሮጥም። ይህን በ1908 በትልቅ ሙከራ ያሳየው ዊሊያም ጋርፎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የማውጫ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቢሮ ሳይሆን ማውጫ ያሳደገው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። አሜሪካ በ1907 ብቻ 3,242 የከሰል ሠራተኞች ሞተውባት፣ በ1910 የማውጫ ቢሮ አቋቋመች።

በዓለም በቁጥር የከፋው አደጋ ግን ኩሪዬር አይደለም። በ1942 በጃፓን ቁጥጥር ሥር በነበረው የቻይናው ቤንሺሁ 1,549 ሰዎች ሞተዋል።

ጣሪያና ምሰሶ

በ1960 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኮልብሩክ ማውጫ ተደርምሶ 435 ሰዎች ሞቱ። ጣሪያውን ደግፈው የቆሙት የከሰል ምሰሶዎች ጭነቱን አልቻሉም። አንዱ ሲወድቅ ጭነቱን ለጎረቤቱ ሰጠ፣ ጎረቤቱም ለሌላው። ከዚያ በኋላ ሳላሞንና ሙንሮ የተባሉ ተመራማሪዎች 98 የቆሙና 27 የወደቁ የምሰሶ ሁኔታዎችን አወዳድረው በ1967 የጥንካሬ ቀመር አወጡ። ምን ያህል ከሰል ማውጣት ይቻላል፣ ምን ያህሉስ ጣሪያ ይሸከም የሚለው በግምት መሆኑ ቀረ።

ክፍት ማውጫና ዝቃጭ

በክፍት ማውጫ ትልቁ ስጋት መኪና ነው። የግዙፉ ገልባጭ መኪና ሹፌር አጠገቡ ያለች ፒክአፕ ላትታየው ትችላለች። ስለዚህ የመንገድ ዳር የአፈር ክምር ቢያንስ እስከ ትልቁ መኪና የጎማ እምብርት ድረስ ከፍ ይላል፣ ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ባንዲራ ሰቅለው ይሄዳሉ። ዝቃጭ፣ ማለትም ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጭቃማ ተረፈ ምርት፣ የሚከማችባቸው ግድቦች ደግሞ ለብቻቸው ሰፊ ርዕስ ናቸው። ጥር 2019 ብራዚል ብሩማዲኞ ላይ ግድቡ ሲፈርስ 270 ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ በኩባንያው ምግብ ቤትና ቢሮ ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው።

ሕግ፣ ቁጥርና ክርክር

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1995 ስምምነት ቁጥር 176ን አጸደቀ። ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ ሠራተኛው አደጋ አለ ብሎ በቂ ምክንያት ሲኖረው ቦታውን ለቆ የመውጣት መብት መስጠቱ ነው።

ቻይና ውስጥ በ2002 የከሰል ማውጫ ሟቾች ወደ 7 ሺህ ይጠጉ ነበር። በ2020 ይፋ የሆነው ቁጥር 225 ነው፤ ምርቱ ደግሞ በዚህ መሀል በእጅጉ አድጓል። ትንንሽ ማውጫዎች መዘጋታቸው፣ ማሽን መብዛቱና ቁጥጥር መጥበቁ ለለውጡ ይጠቀሳሉ። ያልተመዘገበ ሞት ይኖራል የሚል ጥርጣሬም አለ።

የማያባራው ክርክር ስለ ጉርሻ ነው። በር ላይ "ያለ አደጋ 200 ቀን" የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ቀኑ ሲሞላ ለቡድኑ ገንዘብ ይከፈላል። ደጋፊዎቹ ሰው እርስ በርስ ይጠባበቃል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ጣቱ የተጨፈለቀ ልጅ ጓደኞቹን ላለማስቀየም ጓንቱን አጥልቆ ዝም ይላል ይላሉ። እንደኔ ሁለተኞቹ ያሸንፋሉ። ሰሌዳው የሚቆጥረው የተነገረውን ብቻ ነው።

ቴክኖሎጂውም ብዙ ለውጧል። ሹፌር አልባ ገልባጭ መኪኖች በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ ከ2008 ጀምሮ ይሰራሉ። ሎደር ከአስተማማኝ ክፍል ሆኖ በሪሞት ይነዳል። ሰውን ከአደጋው ማራቅ ሄልሜት ከማልበስ ይበልጣል፤ ሄልሜት የመጨረሻው መከላከያ ነው።

ቆጠራና መውጫ

ከማውጫው አፍ ላይ የታርጋ ሰሌዳ አለ። የሚወርድ ሰው ቁጥር ያለውን ታርጋውን ይሰቅላል፣ ሲወጣ ያነሳል። አንድ ታርጋ ከቀረ ፍንዳታ የለም። በ2006 አሜሪካ ውስጥ በሳጎ ማውጫ 12 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ታች ያለን ሰው በሬዲዮ ማግኘትና የት እንዳለ መከታተል በሕግ ተጠይቋል።

ነሐሴ 5 ቀን 2010 ቺሊ ውስጥ ሳን ሆሴ ማውጫ ሲደረመስ 33 ሰዎች 700 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ቀሩ። በአየር ማስገቢያው በኩል ሊወጡ ሞከሩ፤ መሰላሉ ተሟልቶ አልተሰራም ነበር። መጠለያው ውስጥ የነበረው ምግብ የጥቂት ቀን ነው። የፈረቃ ኃላፊው ሉዊስ ኡርሱዋ በየሁለት ቀኑ ለአንድ ሰው ጥቂት ማንኪያ ቱና እያለ ከፋፈለው። መኖራቸው የታወቀው በ17ኛው ቀን ነው። ጥቅምት 13 በጠባብ የብረት ካፕሱል አንድ በአንድ ተጎትተው ወጡ። ኡርሱዋ የወጣው 33ኛ ሆኖ፣ በመጨረሻ ነው። ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ፒኔራ ከላይ ሲቀበሉት በደንቡ መሠረት ፈረቃውን አስረከባቸው።