ምናለሽ ተራ፦ የተጣለ ዕቃ እንደገና የሚሠራበት ሰፈር

ምናለሽ ተራ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ያለ፣ ገበያም ወርክሾፕም የሆነ ሰፈር ነው። ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጎማ፣ ጣሳ፣ ሽቦ፣ የተቃጠለ ሞተር፣ ሌላ ቦታ ቆሻሻ የሚባለው ሁሉ እዚህ ጥሬ ዕቃ ነው። አሁን በየአዳራሹ «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» (ያገለገለን ዕቃ ከመጣል መልሶ ሥራ ላይ ማዋል) ተብሎ ሥልጠና የሚሰጥበትን ነገር የዚህ ሰፈር ባለሙያዎች ያለ ሥልጠና ሲሠሩት ኖረዋል።

መርካቶ አሁን ያለበት ቦታ ላይ የሰፈረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ (1928–1933 ዓ.ም.) ነው፤ ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በንጉሡም በደርግም ዘመን ገበያው እየሰፋ ሄደ።

ሥራው የሚጀምረው ከቆራሌው ነው። ማዳበሪያውን ተሸክሞ «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ ይዞራል፣ ያረጀውን ብረታ ብረት፣ ጫማውን፣ ባዶ ሃይላንዱን ተከራክሮ ይገዛል። ልዋጮች ደግሞ አሮጌ ልብስ ተቀብለው ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ። ከቆሻሻ ክምር ለቅመው የሚያመጡም አሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሚጣልበት የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ እዚያው እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች እንደነበሩ ብዙዎች ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ወርክሾፑ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የመዶሻ ድምፅ ነው። በርሜሉ ክዳኑና ቂጡ በመሮ ይቆረጣል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ተቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ላሜራ ይሆናል። ባለሙያው የድሮ ልክ አስቀምጦ በጠመኔ ያሰምርበታል፤ ከአንዱ በርሜል የከሰል ምድጃ፣ መጥበሻ፣ አካፋ ይወጣል፣ ከዚያ የተረፈው ቁርጥራጭ እጀታ ይሆናል፣ ለእጀታ የማይበቃው ደግሞ በኪሎ ይሸጣል። የመኪና ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ ይሆናል። የጎማው ነገር የታወቀ ነው፣ በረባሶ ጫማ ይሆናል። በ2004 እ.ኤ.አ. ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅትም አሮጌ ጎማን ሶል አድርጎ ጫማውን ውጭ አገር ድረስ ሸጧል።

ዶላር ሲጠፋ ይህ ሰፈር ሥራ ይበዛበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር አካባቢ ዘለለ፣ ቆይቶም ከ100 አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከውጭ የሚገባ ላሜራ አይቀመስም፤ ያለውን መጠገንና ከአሮጌ መሥራት ይሻላል። ግን ሁሉም ትርፍ ነው ማለት አይደለም። አዲሱ ብረት ሲወደድ አሮጌውም አብሮ ይወደዳል፣ ብረት አቅላጭ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ቁርጥራጭ ይፈልጉታል፣ ትንሹ ባለወርክሾፕ ደግሞ ከእነሱ ጋር ዋጋ መወዳደር አይችልም።

ጭሱን በተመለከተ አንዳንዶች ቅሬታ ያነሳሉ። መዳቡን ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ አሉ፣ ያ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ብየዳም ያለ መነጽር ይሠራል። ቢሆንም ባለሙያዎቹ በእጅ ሙያ ከማንም አያንሱም።

ብዙ አነስተኛ አምራቾች መለዋወጫ ሲያጡ የሚመጡት እዚህ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ የተሰበረ የምድጃ በር ይዞ ይመጣል፣ ብሎኬት አምራቹ ቅርጽ ማውጫ ያሠራል። ናሙና ወይም ልክ ይዞ መምጣት ግድ ነው። ቀብድ ይከፈላል፣ ቀን ይቆረጣል። ደረሰኝ ግን እንደየባለሙያው ነው።